ያልተቈጠረው ሲመጣ

የእኅቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ የሚያመጣልኝ ማኅደር ሰኞ ይደርሳል ተብሎ ረቡዕ ማታ በመድረሱ፥ እኔም ሁለት ቀን ሙሉ በር በሩን ስመለከት የቈየሁ፥ ትዕግሥቱ ያለቀበት ሽማግሌ በመሆኔ፥ ልጁ በጳጉሜን ዝናብ ርሶ ደጄን ባንኳኳ ጊዜ «እንኳን ደኅና መጣህ» ከማለቴ አስቀድሜ «ምነው እስከ ዛሬ?» አልሁት። እርሱም ስለ መንገዱ አንድ ነገር ሊነግረኝ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው፤ በፌስታል የተጠቀለለውን ዕቃ በሁለት እጁ አቀረበልኝና፥ የተቀዳለትን ሻይ እንኳ ሳይጨርስ፥ «እንግዲህ ልሂድ፥ ጋሼ» ብሎ ወደሚያድርበት ወዳጁ ቤት ሄደ። የአያቴ ቤት ግድግዳው ዘምሞ ሊፈርስ ስለ ሆነ፥ ከቆጡ ላይ የተገኘው ሁሉ ለዘመድ ሲከፋፈል፥ ለእኔ የደረሰኝ ይህ አንድ ማኅደር ብቻ ነበረ።

ፌስታሉን ፈትቼ የማኅደሩን ጠፍር ባላላሁ ጊዜ በመጀመሪያ የፍየል ቆዳ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ዕጣን፥ ከዕጣኑ በታች የወይራ ጢስ፥ ከሁሉም በታች ደግሞ ከምጣድ ጥቀርሻ ተበጥብጦ በመቃ ብዕር የሚጻፍበት ያ ጥቁር ቀለም፥ ከዓመታት በኋላም ገና እንዳልደረቀ ሆኖ ሸተተኝ። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባው ቤቴ ሳልወጣ፥ ከተቀመጥሁበት ወንበርም ሳልነሣ፥ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ክረምቱ ሲወጣ የጮቄ ተራራ ጥርት ብሎ በሚታይበት በዚያ ደጅ፥ በጭቃ መደብ ሥር በጉልበቴ ተንበርክኬ፥ በእፍኜ ሽምብራ ይዤ ራሴን አገኘሁት።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ሰው ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኛ የቤት ልጆች ግን «አባባ» እንላቸው ነበረ። ቅኔውንም ዜማውንም የሚያውቁ ቢሆኑም ስማቸው ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው በባሕረ ሐሳብ ነው። ከየአጥቢያው ያሉ ካህናት የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ለማነጻጸር የሚመጡት ወደ እሳቸው ስለ ነበረ፥ ጳጉሜን በገባ ጊዜ ቤታችን እንግዳ አይታጣበትም። ይሁን እንጂ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት ለቤተ ሰብ የተለየች ነበረች። ችቦው ተለኩሶ ቤቱን ከዞረ፥ የክረምቱ የጎመን ምንቸት ተረግሞ ከወጣና የገንፎው ምንቸት ተመርቆ ከገባ በኋላ፥ እሳቸው በመደቡ ላይ ተቀምጠው ማኅደሩን ከግድግዳው ያወርዳሉ፤ ባለቤታቸው እማማ ሰፌድ ሙሉ ሽምብራ ያቀርባሉ፤ እኛም ዓመቱን መቍጠር እንጀምራለን።

በልቤ ጠርታ የቀረችው የ1957 ዓመተ ምሕረት ዋዜማ ናት። «ዓመተ ዓለሙ ስንት ሆነ?» ብለው ጠየቁኝ። የዓመተ ፍዳውን 5500 ከ1957 ጋር ደምሬ 7457 ባልሁ ጊዜ፥ ዓይናቸውን ጨፍነው በ4 ገደፉት፤ 1 ተረፈ፤ «ማቴዎስ» አሉ። ደግመው በ19 ገደፉት፤ 9 ተረፈ፤ አንዱን ስለ ዘመኑ ትተው «ወንበሩ 8» አሉ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የእኔና የሽምብራው ነበረ። ፀሐይ በዓመት ውስጥ ጨረቃን በ11 ቀን ስለምትበልጣት፥ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ፍሬ አድርጌ ስምንት ቦታ ከመርሁት፤ 88 ሆነ፤ ሠላሳ ሠላሳውን እያነሣሁ ብመልሰው በሰፌዱ ላይ 28 ፍሬ ቀረ፤ ይህ አበቅቴ ነው። ደግሞ አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኙን ስምንት ቦታ ከመርሁት፤ 152 ሆነ፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲነሣ ሁለት ፍሬ ብቻ ቀረች፤ ይህ መጥቅዕ ነው። «ደምራቸው» አሉኝ። ደመርኋቸው፤ 30 ሆነ። «አየህ ልጄ» አሉኝ አያቴ፥ «አበቅቴ ሲያድግ መጥቅዕ ያንሳል፤ መጥቅዕ ሲያድግ አበቅቴ ያንሳል፤ አንዱ የጐደለውን አንዱ ይሞላል እንጂ ከ30 አይወጡም።» መጥቅዕ 2 ከ14 ስለሚያንስ በጥቅምት ይውላል፤ ጥቅምት 2 ቀን ሰኞ ነበረ፤ የሰኞ ተውሳክ 6 ሲጨመርበት 8 ሆነ፤ እንግዲህ ጾመ ነነዌ የካቲት 8፥ ፋሲካም ሚያዝያ 17 ቀን ይውላል ማለት ነው። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ካሰፈሩ በኋላ የቈጠርነው ሽምብራ ወደ ምጣዱ ገብቶ ቆሎ ይሆናል፤ ቤተ ሰቡም ገና ያልገባውን ዓመት እየቈረጠመ ያመሻል።

ዛሬ የልጅ ልጄ የፋሲካን ቀን ስጠይቃት ስልኳን በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ፥ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ትነግረኛለች፤ መልሷም ትክክል ነው። የሚጐድለው ሽምብራው ብቻ አይደለም። ከቈጠራው በኋላ ይመጣ የነበረው ጥያቄም ጐድሏል።

ቆሎው እየተበላ ሳለ አያቴ ጉሮሮአቸውን ይጠርጉና «የተቈጠረውን ቈጥረናል» ይላሉ። «ጾሙ መቼ እንደሚገባ፥ በዓሉ መቼ እንደሚውል አውቀናል። ነገር ግን በዚህ ዓመት ከሚመጣው የሚበዛው ያልተቈጠረው ነው። እንግዲህ ያልተቈጠረው ሲመጣ ምን ሆናችሁ ያግኛችሁ?» ከዚያ ከታናሽ እስከ ታላቅ እያንዳንዱ ሰው አንድ ቃል ይናገራል፤ እሳቸውም በቀይ ቀለም በቍራጭ ወረቀት ይጽፉታል። በቤታችን ይህ ቃል ውጥን ይባል ነበረ።

እኔ ያን ምሽት ቀድሜ እጄን አውጥቼ «ዘንድሮ ከክፍሌ አንደኛ እወጣለሁ!» አልሁ። ብዕራቸውን ከቀለሙ ቀንድ አላነሡም። «ይህ ምኞት ነው» አሉኝ። «አንደኛ የሚያደርግህ መምህሩ ነው፤ ከአንተ የሚበልጥ ልጅም ሊመጣ ይችላል። ከራስህ እጅ ያለውን ንገረኝ።» ስለትም አይቀበሉም ነበረ። ስለት «ይህን ብታደርግልኝ ይህን አመጣለሁ» ብሎ ከሰማይ ጋር የሚደረግ ውል ነውና፥ ቦታው ቤተ ክርስቲያን እንጂ የእኛ መደብ አልነበረም። ውጥን ግን «እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣብኝ፥ እኔ እንዲህ እሆናለሁ» የሚል፥ ፊቱን ወደ ራሱ የመለሰ ነገር ነው። ብዙ ካሰብሁ በኋላ «ትምህርት ቢከብደኝ፥ አንድ ጊዜ ደግሜ ሳላየው አልተወውም» አልሁ። ያን ጊዜ ብዕሩ ተነሣ።

እማማ «እንግዳ በባዶ ቤት ቢመጣብኝ፥ ውሃም ቢሆን በፈገግታ አቀርባለሁ» አሉ። ከብት ጠባቂያችን «ጅብ ቢመጣብኝ አልሮጥም» ባለ ጊዜ ሁሉም ሳቀበት፤ አያቴ ግን ሳይስቁ «ብትሮጥስ ጥጃዋን ይዘህ ሩጥ፤ እንዲያ ብለን እንጻፈው?» ብለው ጠየቁት፤ ልጁም እፎይ ብሎ ተስማማ። የራሳቸውን በመጨረሻ ጻፉ፤ «በደል ቢደርስብኝ፥ ሦስት ቀን ሳልከስስ እቈያለሁ።» የጎጃምን ሰው የሚያውቅ አንባቢ ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ አይነገረውም። ድንበር በተገፋ ቍጥር ዳኛ ፊት መቆም፥ ነገር ማዋቀርና በጠበቃ አለመረታት እንደ አንድ የዕውቀት ክፍል በሚቈጠርበት አገር፥ ሦስት ቀን ዝም ማለት የሦስት ቀን ጾም ያህል ነበረ።

ያልተቈጠረውም ብዙ አላስጠበቀንም። ጥቅምት ሲጋመስ፥ ጤፉ አሸቶ በነፋስ እንደ ሐር በሚተኛበት ሰሞን፥ ከቀትር በኋላ ሰማዩ በአንድ ወገን ጠቈረና በረዶ ወረደ። ያ በረዶ በሣር ክዳኑ ላይ ሲወርድ የነበረውን ድምፅ፥ ካቆመም በኋላ ከማሳው የተነሣውን የተቀጠቀጠ እሸት ሽታ፥ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ የታጨደ ሣር ይመስላል፥ ግን ኀዘን አለበት። በዚያ ላይ በማግስቱ ከበረዶው በተረፈው ጥግ የጎረቤታችን ከብቶች አጥር ጥሰው ገብተው አደሩበት። መንደሩ ሁሉ «ይከሰስ!» አለ። ምስክር ለመሆን ሳይጠሩ የመጡ ነበሩ። አያቴም ቁጣቸው በግንባራቸው ላይ ተጽፎ እየታየ፥ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከመደቡ ላይ ሳይነሡ ቀኑን ዋሉ፤ በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን በትራቸውን ይዘው፥ እኔን አስከትለው፥ ወደ ጎረቤታችን ቤት ወረዱ። ቤቱ በሕመም ጢስ ታፍኖ ነበረ፤ ሕፃኑ ልጅ በትኩሳት ተይዞ እናትና አባቱ ሁለት ሌሊት ስላልተኙ፥ ከብቶቹን የሚያስብ ሰው አልነበረም። አያቴ የልጁን ግንባር ዳስሰው፥ ጸሎት አድርሰው፥ ስለ ጤፉ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ። ጎረቤታችን በኋላ ልጁ ሲድን ራሱ መጥቶ፥ ለበጋው እርሻ ጥማድ በሬውን ለስድስት ቀን አዋሰን።

ነገሩን የጻድቅ ገድል እንዳላስመስለው እማማ ያሉትን ልጨምር። «ውጥንህ ለጎረቤት ጠቀመ፤ ለጎተራችን ግን አልጠቀመም» ብለው ዓመቱን ሙሉ አጕረመረሙ፤ በእውነትም ያን ዓመት ሰኔ ሳይገባ እህል ገዛን። ነገር ግን ያን ዓመት የጎደለው እህል በሚቀጥለው መኸር ሲሞላ፥ ያልፈረሰው ጉርብትና ደግሞ እማማ ራሳቸው ታመው በተኙ ጊዜ ሌሊት አልጋ ተሸክሞ ከሐኪም ቤት አደረሳቸው። ያን ጊዜ ይህን አላስተዋልሁትም፤ አሁን ግን ማኅደሩን ይዤ ሳስበው፥ የሦስት ቀኑ ዝምታ ባይኖር ኖሮ በሦስተኛው ቀን የምናየው የታመመ ሕፃን ሳይሆን የዳኛ ወንበር ይሆን ነበረ እላለሁ።

አያቴ ስለ ውጥን ምንነት ያስተማሩኝ ግን በቃል ሳይሆን በእርሻ ነው። በበጋው በዚያ በተዋስነው ጥማድ ሲያርሱ፥ መሪጌታ ቢሆኑም እርፍ ከመያዝ የማያፍሩ ሰው ነበሩና፥ የመጀመሪያውን ትልም ሲያወጡ ዓይናቸው ከበሬዎቹ ላይ አልነበረም፤ ከማሳው ጫፍ ከቆመችው ዋንዛ ላይ ነበረ። ማረሻው ከአፈር በታች የተቀበረ ድንጋይ ሲመታ ሞፈሩ ይዘላል፤ ቀኙ በሬ ይሸሻል፤ ትልሙም ይጣመማል። እሳቸው «ሃ!» ብለው በሬውን ከመለሱ በኋላ ያን የተጣመመውን ሊያቃኑ አይመለሱም፤ ዋንዛዋን አይተው ይቀጥላሉ። «አባባ፥ ድንጋዩን እንዴት አላዩትም?» ብዬ ብጠይቃቸው «ድንጋዩን ማን ያየዋል፥ ከአፈር በታች እኮ ነው፤ ዋንዛዋን ግን አያታለሁ» አሉኝ። በግእዝ ተለመ ማለት አረሰ፥ መሥመር አወጣ ማለት መሆኑን፥ ዛሬ በየቢሮው ለሚጻፈው ዕቅድም ትልም የሚባለው ስም ከዚያ እንደ መጣ የተረዳሁት ከብዙ ዘመን በኋላ፥ እኔም ለመሥሪያ ቤቴ የአምስት ዓመት ዕቅድ ስጽፍ ነበረ። ያ ዕቅድ በሠንጠረዥ ያሸበረቀ ነበረ፤ በውስጡ ግን ዋንዛ አልነበረችበትም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ድንጋይ በመታው ጊዜ ወዴት እንደምንመለስ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ሐሳብም እንዲሁ ነው። በግእዝ ሐሰበ ማለት ቈጠረ ማለት ስለ ሆነ፥ ባሕረ ሐሳብ የቍጥር ባሕር ነው፤ አበው ማሰብንና መቍጠርን በአንድ ቃል መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት ደግሞ ይህ ቈጠራ ራሱ የተገኘው በውጥን ነው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ፥ ጾመ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፥ ትንሣኤ ከእሑድ፥ ዕርገትም ከሐሙስ እንዳይወጡ በወደደ ጊዜ፥ መልሱን ከማግኘቱ በፊት ከሌሊቱ 23፥ ከቀኑ 7 ሱባኤ ለየ። ሌሊቱ 23 ጊዜ 7፥ 161 ሆኖ በ30 ሲገደፍ 11 ተረፈ፤ ቀኑ 7 ጊዜ 7፥ 49 ሆኖ በ30 ሲገደፍ 19 ተረፈ፤ አበቅቴና መጥቅዕም ከዚያ ተወለዱ ይባላል። አያቴ ይህን ሲተርኩ ሁልጊዜ ደጋግመው የሚያነሡት ቍጥሩን አይደለም። «ሰውየው መልሱን ሳያውቅ ሱባኤውን አወቀ» ይሉ ነበረ። የሚመጣው ነገር በእጁ አልነበረም፤ እርሱ በምን ሁኔታ እንደሚጠብቀው ግን በእጁ ነበረ።

ከዚያ ቤት የወጣሁት ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ በመጣሁ ጊዜ ነው። አውቶቡሱ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ከድልድዩ ላይ ሆኜ በታች የሚሄደውን ጭቃማ ውሃ ሳይ፥ ሙቀቱ ከአለቱ እየተነሣ ፊቴን ሲመታኝ፥ ልቤ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላና ወደ ፊት ተጐተተ። በጎሐ ጽዮን በኩል ወጥተን ብርዱ ሲመለስ ግን ወደ ፊቱ አሸነፈ። አያቴ ሲሸኙኝ የነገሩኝ አንድ ነገር ነበረ፤ የእንቁጣጣሽን ቃሌን በየዓመቱ በደብዳቤ እንድልክላቸው። እኔም ላክሁ። አንዳንዱን ዓመት አስቤበት፥ አንዳንዱን ዓመት ደግሞ፥ እውነቱን ልናገርና፥ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ቆሜ ጻፍሁት። እሳቸውም በምላሹ የዓመቱን አጽዋማት ቈጥረው ይልኩልኝ ነበረ፤ የራሳቸውን ቃል ግን አልላኩልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ለ1967 ዓመተ ምሕረት የላክሁት ቃል አጭር ነበረ። እማማ ዐርፈው፥ አያቴ ብቻቸውን ቀርተው ስለ ነበረ «ከቤት ቢጠሩኝ፥ ሳልውል ሳላድር እነሣለሁ» ብዬ ጻፍሁላቸው። እሳቸውም ዘመነ ሉቃስ መሆኑን፥ አበቅቴው 18፥ መጥቅዑ 12 መሆኑን፥ ነነዌ የካቲት 17፥ ዐቢይ ጾም መጋቢት 1፥ ፋሲካም ሚያዝያ 26 መሆኑን በዚያ በማይናወጥ እጃቸው ጽፈው ላኩልኝ። ያ በጥንቃቄ የተቈጠረ ዓመት በገባ በማግስቱ፥ መስከረም 2 ቀን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ትውልዱ ያውቀዋል። በታኅሣሥ የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ታውጆ፥ እኔም የ12ኛ ክፍል ተማሪ በመሆኔ፥ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ደቡብ ዘመትሁ።

የተጠራሁት የካቲት 24 ቀን ነው። ደብዳቤው ብዙ ቃል አልነበረበትም፤ «አባባ ታመዋል፤ ስምህን ይጠራሉ» ይላል። በማግስቱ፥ የካቲት 25፥ የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። የዚያን ቀን ደስታ ያላየ ሰው አይፍረድብኝ ልል እፈልጋለሁ፤ ገበሬው ከበሮ ይዞ ወጣ፤ እኛ ወጣቶቹ ድምፃችን እስኪዘጋ ጮኽን፤ ታሪክ በዓይናችን ፊት የሚያልፍ መስሎን ነበረና «ሰልፉ ይለፍ፥ ነገ እሄዳለሁ» አልሁ። ነገ ሌላ ሰልፍ ነበረ። ከነገ ወዲያም ስብሰባ ነበረ። ፈቃድ ብጠይቅ ማንም አይከለክለኝም ነበረ፤ አልጠየቅሁም። የተነሣሁት መጋቢት 2 ቀን ነው። አያቴ ዐቢይ ጾም ይገባል ብለው ከቈጠሩት ዕለት በሦስተኛው ቀን ዐረፉ፤ እኔም ሠልስቱ በወጣ ማግስት ደረስሁ። ሳልውል ሳላድር ያልሁት ሰው ውዬ አድሬ፥ ስምንት ቀን ሰንብቼ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት ውጥን የሚባለውን ነገር አልወድም ነበረ። ሰው ቃል ባይሰጥ አይፈርስበትም ብዬ አሰብሁ፤ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ልጆቼ ሲጠይቁኝ በቀልድ አልፈው ነበረ። ይህ የፈሪ ጥበብ መሆኑን አውቃለሁ። ማሳው ድንጋይ አለበት ብሎ ትልም ያላወጣ ገበሬ ማረሻው አይሰበርበትም፤ ጎተራውም አይሞላለትም።

እንግዲህ ረቡዕ ማታ፥ ልጁ ከሄደ በኋላ፥ ከማኅደሩ ውስጥ ብራናውን ሳወጣ ከሥሩ በፈትል የታሠረ የወረቀት እሽግ አገኘሁ። ከደብተር የተቀደደ አለ፤ የስኳር መጠቅለያ ጀርባ አለ፤ የእኔ ደብዳቤዎች ጠርዝም አለ። በሁሉም ላይ ያ ቀይ ቀለም አለ፤ አንዳንዱ ደብዝዞ የጡብ አፈር መስሏል። የ1957ቱን አገኘሁት፤ የጥጃዋም ነገር በትክክል ሰፍሯል። በመጨረሻ፥ ከሁሉ ሥር፥ ሁለት ወረቀት አንድ ላይ ታጥፎ በሌላ ፈትል ለብቻው ታስሮ ነበረ። አንደኛው የእኔ የ1967 ቃል ነው። ሁለተኛው በእሳቸው እጅ የተጻፈ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት፥ የዚያው ዓመት የራሳቸው ቃል ነው። እንዲህ ይላል፤

«የምጠብቀው ሰው ቢቀር፥ ዓባይ ሞልቶ ነው እላለሁ።»

ወረቀቱን እንደ ያዝሁ ብዙ ተቀመጥሁ። ድልድዩ ከተሠራ ያን ጊዜ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበረ፤ እኔ የተሻገርሁበትን እሳቸውም አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ተሻግረውበታል። ዓባይም የሚሞላው በክረምት እንጂ በየካቲትና በመጋቢት አለመሆኑን፥ የዘመናትን መግቢያና መውጫ ሲቈጥሩ የኖሩ ሰው ሳያውቁት አይቀሩም። ሁሉንም አውቀው፥ የልጁን ቃል በእጃቸው ይዘው፥ ቃሉ ሊፈርስ እንደሚችል ሳይነግሩት፥ ከሥሩ የራሳቸውን ጻፉ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን በጠረጴዛው ላይ ባስቀመጥኋቸው ጊዜ የሰፌዱ ሽምብራ ትዝ አለኝ፤ የእኔ የጐደለውን የእሳቸው ሞልቶት፥ ሁለቱ ሲደመሩ ከ30 አልወጡም።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበረ። ስልኬን አንሥቼ ለእኅቴ ልጅ ደወልሁለት። እንዳልተኛ ድምፁ ያስታውቃል።

«ምን ሆኑ ጋሼ? ዕቃው ጎደለ እንዴ?» አለኝ።

«አልጎደለም። ሰኞ ሳትደርስ የቀረኸው ዓባይ ሞልቶ ኖሯል መሰለኝ» አልሁት።

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ሳቅ እያመለጠው «ጋሼ፥ ዓባይ እኮ ድልድይ አለው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልሁት። «ነገ ለምሳ ና። ሽምብራ እናስቈላለን።»